ያልተጻፈው ግማሽ ሰዓት

በአንድ ትልቅ ከተማ ዳርቻ፣ የጭነት መኪኖች ቀን ከሌት በሚመላለሱበት መንገድ ዳር፣ ‹ጆሮ› በሚል ቅጽል ስም የሚታወቅ መካኒክ ከሚስቱ፣ ከአንዲት ሴት ልጁና ከታናሽ ወንድሙ ጋር ይኖር ነበር። መኖሪያ ቤቱና ጋራዡ አንድ ግድግዳ ይጋሩ ስለነበር ሞተር በተነሳ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንኳኩ ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። መኪና ሲመጣለት ወዲያው መፍቻ አያነሳም። ኮፈኑን አስከፍቶ ሞተሩን ያስነሳና የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ከብረቱ ላይ፣ እጀታውን ደግሞ ከጆሮው ኋላ ካለው አጥንት ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያም ቀና ይልና “የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ነው፤ ሌላውን አትነካኩት” ይላል። ያን ጊዜ የሚከራከረው ሹፌር አይገኝም ነበር።

ወላጆቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ ታናሽ ወንድሙ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበር። መካኒኩ የራሱን ትምህርት አቋርጦ አሳደገው። በቅባት በጠቆረ እጁ የሕፃኑን ጣቶች ከእርሳሱ ጋር አጣምሮ ይዞ ፊደል ያስቆጠረው እርሱ ነው። ታናሽየው ትምህርቱን ጨርሶ ጋራዥ ሲገባ ሠራተኞቹ ‹ምሁሩ› አሉት። የሞተር መጽሐፍ ገልጦ ስለ አንድ ብልሽት ማብራራት ሲጀምር አንድ ሹፌር “ምሁሩ፣ አንተ ምዕራፉን ጨርስ፤ እኛ ጆሮ እስኪመጣ ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን” ይለዋል። ሁሉም ይስቃል፤ እርሱም አብሮ ይስቃል። ያ ሳቅ ግን ከከንፈሩ አልፎ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። የወንድሙን እንጀራ እየበላ፣ በወንድሙ ጥላ ሥር ያለ ስም እንደሚኖር ሰው ራሱን መቁጠር ከጀመረ ቆይቶ ነበር።

ልጅቱ አምስት ዓመት ሲሆናት መካኒኩን የሰው ድምፅ ይርቀው ጀመር። መጀመሪያ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ የሚስቱ የጓዳ ጥሪ፣ በመጨረሻም ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚያናግረው ሰው ሁሉ ከወፍራም መስታወት ጀርባ የቆመ መሰለ። የገዛ ድምፁ ግን በራስ ቅሉ ውስጥ ይጮህበት ስለነበር ዝግ ብሎ ይናገራል። ሚስቱ በዚህ ትቀልድ ነበር። “አሁን ገና ጨዋ ሆንክ። ሰው የሚጨምተው መስማት ሲያቆም ነው ለካ” ትለውና የሰማት ይመስል ሲስቅ ባየች ጊዜ ፊቷን አዙራ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ሐኪም ዘንድ ይዞት የሄደው ምሁሩ ነው። ሚስቱ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስለዚህ የሐኪምን ቃል በወረቀት አስፍሮ የሚያቀብል ከእርሱ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ ሲመቱት የሚያስተጋባ የመስማት መፈተሻ የብረት ሹካ መትቶ ከመካኒኩ ጆሮ ፊት ለፊት ያዘ። መካኒኩ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ሹካውን ከጆሮው ኋላ ካለው አጥንት ላይ ሲያሳርፈው ግን እንደሚሰማው በእጁ አመለከተ። ሐኪሙ ፈገግ አለና ለማስተማሪያ የተሠራ የፕላስቲክ ጆሮ ከፍቶ ለምሁሩ ያስረዳው ጀመር።

“ድምፅ በአየር እየተርገበገበ ገብቶ ታምቡሩን ይመታል። ታምቡሩ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶችን ያንቀሳቅሳል፤ መዶሻ፣ መስፍና እርካብ እንላቸዋለን። እርካቡ እንደ ቀንድ አውጣ በተጠቀለለው ክፍል ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ይገፋል። ፈሳሹ ሲናወጥ በውስጡ ያሉ ጸጉር መሰል ሕዋሳት ንቅናቄውን ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ይለውጡታል፤ ነርቭ ደግሞ መልእክቱን ለአንጎል ያደርሳል። የታላቅ ወንድምህ ነርቭ ደህና ነው። እርካቡ ብቻ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ብሏል። ይህ በቀዶ ጥገና ይስተካከላል። በደንብ አድርገህ ጻፍለት።”

ምሁሩ እርሳሱን አነሳ። በዚያች ቅጽበት በልቡ ምን አለፈ? የሹፌሮቹ ሳቅ? ወይስ ‹ጆሮ የለም?› ብለው የሚመለሱ ደንበኞች? እርሳሱ ለአፍታ ተንጠልጥሎ ቆየና በወረቀቱ ላይ ወረደ፦ “ነርቩ ሞቷል። መድኃኒት የለውም።” መካኒኩ አነበበ፤ ደግሞም አነበበ። ከዚያ የወንድሙን ትከሻ መታ መታ አድርጎ “አይዞህ፤ አንተ ለምን ትገረጣለህ?” አለው። ለቀዶ ጥገናው በተሰጠው የቀጠሮ ቀን ምሁሩ ብቻውን ተመልሶ “ጋሼ ቀዶ ጥገና ይፈራል፤ አይፈልግም” አለ፤ ፈረመም።

መካኒኩ ካቻቢቴውን ሁለት ጊዜ ሞከረው። ብረቱ እንደ ጥንቱ አናገረው። ነገር ግን ከሰማው ይልቅ የተጻፈለትን አመነ። የሞተ ነርቭ የሚያመጣው ቅዠት ነው ብሎ ካቻቢቴውን ሚስማር ላይ ሰቀለና ጎማ መፍታት፣ ዘይት መቀየር ሥራው ሆነ። ከዚያ በኋላ ሹፌሮች “ምሁሩ ምን ይላል?” ማለት ጀመሩ። ሚስትየው ከአንድም ሁለት ጊዜ “ሌላ ሐኪም እናሳየው እንጂ፣ አንተ ልጅ” ብላ ወተወተችው። ምሁሩም “እትዬ፣ ቁስሉን አትነካኪበት” እያለ አፏን አስያዛት።

እንዲህ ስድስት ዓመት አለፈ። በስድስተኛው ዓመት ሚስትየው በሳንባ ሕመም አልጋ ያዘች። አንድ ጠዋት፣ ልጅቱ ትምህርት ቤት ሳለች፣ ባሏን በምልክት ጠርታ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። ምሁሩ ደብተር ይዞ ከራስጌዋ ተቀመጠ። መናገር ጀመረች። ትንሽ ተናግራ ታርፋለች፤ ትንፋሿን ሰብስባ ደግሞ ትቀጥላለች። አንድ ጊዜ ሳቀች። አንድ ጊዜ ረጅም ዝም ብላ ቆየች። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆነ። መካኒኩ ዓይኑን ከከንፈሮቿ ሳይነቅል፣ የማያነበው መጽሐፍ እንደተገለጠለት ሰው፣ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ተከተለ። ስትጨርስ ደብተሩን ተቀበለ። በገጹ ላይ ሦስት ቃላት ነበሩ፦ “ልጃችንን አደራ ብላለች።” በማግስቱ አረፈች። እርሱም ሦስቱን ቃላት ከደብተሩ ቆርጦ በደረት ኪሱ ያዛቸው።

በዓመቱ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስለ ጆሮ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ድምፅ በአየር ብቻ ሳይሆን በአጥንትም እንደሚሄድ በምሳሌ ማሳየት ነበረባት። ካቻቢቴውን ከሚስማሩ አውርዳ “አባዬ፣ ለእኔ ስትል አንድ ጊዜ ሞክረው” ብላ በደብተሯ ጻፈችለት። የቆመ የጭነት መኪና አስነሱ። እጀታውን ከአጥንቱ ላይ እንዳሳረፈ “ሦስተኛው ቫልቭ ልል ነው” አለ። ሹፌሩም “ሦስት ቀን ሙሉ ምሁሩ ያጣው ነገር!” ብሎ ጮኸ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። መጽሐፏን ገልጣ አንድ ዐረፍተ ነገር በጣቷ አሳየችው፦ ነርቭ የሞተ እንደሆነ ድምፅ በአጥንትም ቢመጣ አይሰማም።

በሳምንቱ አባትና ልጅ ሐኪሙ ዘንድ ቀረቡ። ሐኪሙ የቆየውን ካርድ አስፈልጎ አወጣ። “ለመሆኑ ለምን ፈሩ?” አለው፣ ልጅቱ እየጻፈችለት። “ያኔ እኮ ቀላል ነው ብዬ ነበር። እነሆ፣ ወንድምዎ ፈርመው ሄደዋል።” መካኒኩ ፊርማውን አየ። ጎንበስ ብሎ ደግሞ አየው። ያን የፊደል አጣጣል ያስተማረው ማን ሆነና ይጠፋዋል?

ጋራዥ ሲደርስ ምሁሩን ከመኪና ሥር ጠርቶ አስወጣውና ደብተርና እርሳስ በእጁ አስያዘው። ከሐኪሙ የተቀበለውን ካርድ በጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋለት ምሁሩ የገዛ ፊርማውን አየ። “ጋሼ…” ብሎ ጀመረ።

“አትናገር። እንደማልሰማ ታውቃለህ” አለው መካኒኩ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ። “ስለ ጆሮዬ አልጠይቅህም። ጋራዡን ፈልገህ ቢሆን ብትጠይቀኝ በሰጠሁህ። አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ። የዚያን ቀን ምን አለችኝ?”

ምሁሩ እርሳሱን ይዞ ቆመ። በመጨረሻም ጻፈ፦ “ብዙ ነገር ነበር። ሁሉን መጻፍ ታክቶኝ ነው።” ከሥሩም ጨመረበት፦ “አሁን አላስታውሰውም።”

ልጅቱ ወረቀቱን ከአባቷ ትከሻ በላይ አነበበችና አፏን በእጇ ያዘች። አባቷ ግን አልጮኸም፤ እጁንም አላነሳም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ወንድሙ እግሩ ሥር ወድቆ ሲያለቅስ ከንፈሩን እያየ ቆየና “ተነስ፤ የምትለው አይሰማኝም” አለው።

አንባቢ ሆይ፣ የሰው ጆሮ ተጣብቆ ቢቀር ተፈልቅቆ ይከፈታል፤ ጥበብ ለዚህ አላነሰችም። በአየር ላይ ተነግሮ በማንም አንጎል ውስጥ ሳያርፍ የጠፋን ቃል ግን ከየት ያመጡታል? ያች ሴት በዚያ ግማሽ ሰዓት ምን ተናግራ ይሆን? የሳቀችውስ በምን ነበር? ዕጣ ፈንታ የሚሉት ይህን ከሆነ፣ ጨካኝ የሚያደርገው ከሩቅ ስለሚመጣ አይደለም። ከጎናችን ተቀምጦ፣ እኛው ባስተማርነው እጅ፣ የተነገረንን አሳጥሮ ስለሚጽፍ ነው።

ቀዶ ጥገናው በሦስተኛው ወር ተደረገለትና ቀኝ ጆሮው ተከፈተ። ምሁሩ ሌላ ከተማ ሄዶ በአንድ መጋዘን ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያም በተለያየ ጊዜ ለወንድሙ ሰባት ደብዳቤ ላከ። ሰባቱም ሳይከፈቱ ተመለሱ።