ሁለተኛው ጥያቄ

«ባለፈው ሳምንት በክፍያ ሠርተዋል?» ሄለን ከወረቀቷ ላይ አነበበች።

የሰጂዳ እናት ሉባባ የሄለንን ትንሽ ወንድም ምናሴን በአንድ እጇ አቅፋ በሌላው ድስት ታማስላለች። «አይ ልጄ፣ እኔ እንዲሁ ቤት ነኝ» አለች።

ሰጂዳ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የራሷን ወረቀት የምትሞላ አስመሰለች። የሒሳብ አስተማሪያቸው ለክፍሉ በሙሉ የሰጠው ፕሮጀክት ነው፤ በየሕንፃችሁ ለሥራ ዕድሜ የደረሱ ሴቶችን ጠይቁ። በክፍያ የሠራች ሠራተኛ ናት። ሳትሠራ ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ የፈለገች ሥራ አጥ ናት። ሁለቱንም «አይ» ያለች ግን ሥራ አጥ ተብላ እንኳ አትቆጠርም።

ሰጂዳ የሄለንን እናት ትናንት ጠይቃ ነበር። እትዬ ስሂን ራቅ ብላ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናቸው። መታወቂያቸውን ከአንገታቸው ሳያወልቁ፣ በር ላይ እንደቆሙ መለሱላት። ሠራተኛ። አለቀ።

ሰጂዳ የምትቀናው በመታወቂያው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሄለን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሶከር ትጫወታለች። ከዚያ እዚህ ትመጣለች፤ ቤተሰቧ የሙስሊም ሥጋ ስለማይበሉ ምስር ወጥ ለብቻ ተሠርቶ ይጠብቃታል። «እማ ሉባባ» እያለች ትበላለች። አንዲት ልጅ ነርስ እናትም፣ ምስር የምትሠራ እናትም እንዴት ይኖራታል?

«እሺ፣ ሁለተኛው» አለች ሄለን። «ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ፈልገዋል?»

ሉባባ ማማሰሏን አቆመች። ሰጂዳን አየቻት። «አይ» አለች።

ውሸት ነበር። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በእግር የሚደረስበት ሆቴል ውስጥ ለልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ አመልክታለች፤ አፕሊኬሽኑን የሞላችላት ሰጂዳ ናት። ትናንት ሆቴሉ ኮል አደረገ። በአሜሪካ ሰዓት ከቀኑ አራት እስከ እኩለ ሌሊት፣ ከፈለገች ሰኞ ትጀምር። ሰጂዳ መልእክቱን ስትተረጉምላት እናቷ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ።

«ደውለሽ አልችልም ብላለች በይልኝ» አለች። «ስሂን ከሥራ ቤት የምትገባው ማታ በሰባት ነው። ልጁን ማን ይይዝላታል?»

«ይክፈሉሽ እንግዲያው፣ እማዬ።»

«ጎረቤት ይከፈለዋል እንዴ? እንዳትነግሪያቸው ደግሞ።»

ሰጂዳ እስካሁን ለሆቴሉ አልደወለችም።

ሄለን ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገች። «አውት ኦፍ ዘ ሌበር ፎርስ» አለች ለራሷ፤ ከሠራተኛም ከሥራ አጥም የማትቆጠር። ጃኬቷን ለብሳ፣ ምናሴን ተቀብላ ወጣች። ሰጂዳ እስከ ኮሪደሩ ሸኘቻት።

«ማዘርሽ ግን ታድለው» አለች ሄለን። «ኦል ደይ ቤት። የኔ ማም ቤልትዌይ ላይ በመኪና መጨናነቅ ስትቃጠል ነው የምታመሸው።»

መልሱ የሰጂዳ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ቤት የቀረችው በወንድምሽ ምክንያት ነው። አንቺ ኳስ እንድትጫወቺ ነው። የሄለን ፊት ሲለዋወጥ በሐሳቧ አየችው፤ ጣፈጣት። ከእንግዲህ «እማ ሉባባ» ማለት ያሳፍራታል። ምስሩም ይቀራል።

የምናሴ ጫማ ተፈትቷል። ሄለን ተንበርክካ ልታስርለት ስትል እግሩን ሰበሰበ።

«አንቺ አይደለሽም። እማ ሉባባ ናት።»

«እኔም እኮ እችላለሁ፣ ምናሴ።»

«እማ ሉባባ» አለ እንደገና።

ሄለን ክሩን ለቀቀችው። «አየሽ? እኔን አይፈልገኝም» አለች። እየሳቀች አልነበረም። ሰጂዳ ያንን ፊት ታውቀዋለች፤ ምስሩ ለሄለን ሲቀርብ የራሷ ፊት እንደዚያ ነው።

የያዘችው መልስ ምላሷ ላይ ቀረ። ከሄለን አጠገብ ቁጭ አለች።

«ማክሰኞና ሐሙስ ከሶከር ብትቀሪ ከቲሙ ያስወጡሻል?»

«አይመስለኝም። ለምን?»

«እናትሽ እስኪገቡ ምናሴን አንቺ ትይዢዋለሽ። ሰኞና ረቡዕ እኔ። ዓርብ ሁለታችንም።»

«እማ ሉባባስ የት ሊሄዱ ነው?»

ሰጂዳ ተነሥታ በሩን መልሳ ከፈተችው። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ድስቱን ከምድጃ እያወረደች ነበር።

«ላጲስ አለሽ?» አለች ሰጂዳ። «ነይ ግቢ። ሁለተኛውን ጥያቄ እንደገና እንጠይቃት።»