የብረቷ ልጅ ዝናብ

ፊልሙ አልቆ ሸራው ላይ ነጭ ብርሃን ብቻ ቀረ። ማሽኑን የሚያጠፋ ሰው ሲጠፋ ቲኬት ቆራጯ ፊልሙን የሚያሳየውን ወንድሟን ልትጠራ ወደ ማሳያ ክፍሉ ሄደች። ከክፍሉ በሚወርደው የብረት ደረጃ ላይ ሞቶ አገኘችው። ጭንቅላቱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ፣ ፊቱ ወደ ጣራው ነበር።

ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ደጋግማ አየችው።

«አላዳለጠውም» አለች። «የሚወርድ ሰው ሲያዳልጠው እግሩ ይቀድማል። ይህ ሰው ፊቱን ወደ ክፍሉ አዙሮ ሲነጋገር ነው የተገፋው።»

ትርዒቱ ለእሁዱ በዓል የተደረገ ሙከራ ነበር። የታየው በእጅ የተሳለ የካርቱን ፊልም በዚህ አዳራሽ መታየት የጀመረበት ሠላሳኛ ዓመት ሊከበር ነው። የሰው ልብ ያላት የብረት ልጅ፣ ማሽን በሚገዛው ከተማ ውስጥ የምትንከራተትበት ፊልም ነው። እህትየው ውጭ በር ላይ ከጥበቃው ጋር ነበረች። ውስጥ የነበሩት የአዳራሹ ባለቤትና ስለ ፊልሙ በጻፈው መጽሐፍ ስሙ የገነነው፣ የሟች የልጅነት ወዳጅ የሆነው ሃያሲ ብቻ ናቸው። ባለቤቱ ከፊት፣ ሃያሲው ከኋላ፣ ለየብቻ ተቀምጠዋል።

«እውነት ለመናገር ካርቱን የልጆች ነገር ይመስለኛል» አለ ባለቤቱ። «አዳራሹን ከገዛሁ ገና ዓመቴ ነው፤ ዛሬ መጀመሪያዬ ነው ያየሁት። ልጅቷ በዝናብ ብቻዋን ስትዞር ቆየች፣ ከዚያ ከማማ ወደቀች፣ ከተማው መብራቱ ጠፋ፣ አለቀ።»

ኢንስፔክተሯ ልቧ ጠረጠረ። እሷም በተማሪነቷ ፊልሙን እዚሁ አይታዋለች፤ የሃያሲውንም መጽሐፍ እያሰመረች አንብባዋለች። ልጅቷ መጀመሪያ ትወድቃለች፣ ዝናቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሰውዬ ይዋሻል፣ አለች በሆዷ።

ሃያሲው ግን አፉን ሞልቶ ተናገረ። «ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም። ከማማው ስትወድቅ ትንፋሼን ያዝኩ። ቀጥሎ ያ ዝናብ! ጠብታው ሁሉ አንድ በአንድ በእጅ የተሳለ! ከሞተች በኋላ ስትራመድ እንደ ሁልጊዜው አለቀስኩ። የፊልሙ ትልቅነት እኮ እዚያ ላይ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ማሳያ ክፍሉ ወጣች። አምስቱ የፊልም ጥቅሎች በማጣበቂያ ተቀጣጥለው አንድ ሆነዋል፤ ማሽኑ ያለ ሰው የጨረሰውም ለዚህ ነው። የጥቅሎቹን መያዣ ቆርቆሮዎች ቁጥር ፊልሙ ላይ ከታተሙት ቁጥሮች ጋር አመሳከረች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀምጣ ቁጥሮቹን እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠረች።

ስትወርድ ባለቤቱን፣ ሃያሲውንና እህትየውን ከነጩ ሸራ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«የሦስተኛውና የአራተኛው ጥቅል ቆርቆሮ ፊልሙ ከመጣ ጀምሮ ተለዋውጧል» አለች። «ሟች ቆርቆሮውን አምኖ ሠላሳ ዓመት አገላብጦ አሳየን። ስህተቱን ያየው ሰሞኑን ለበዓሉ ጥቅሎቹን ሲቀጣጥል ነው፤ ዛሬም አስተካክሎ አሳየ። ዛሬ ዝናቡ ከውድቀቷ ቀድሞ ነበር። ባለቤቱ ያየውን ነገረኝ። እርስዎ ግን» ወደ ሃያሲው ዞረች፤ «ዛሬ ያልታየ ፊልም ነገሩኝ።»

«ድካም ነው... ተሳስቼ ይሆናል።»

«አልተሳሳቱም። እላይ ነበሩ። በስህተት የተገለበጠውን ቅደም ተከተል ነው የጥበብ ጥግ ብለው የጻፉት፤ እኔም አምኜዎት ነበር። ወዳጅዎ እሁድ እውነቱን እንደሚናገር ሲነግርዎት ገፉት። ማስተካከሉን እስኪነግርዎት እንኳ አልጠበቁትም።»

ሃያሲው ወደ ደረጃው ጠቆመ። «ከዳኝ!» ብሎ ጮኸ። «ተማሪዎች የሚያነቡኝን ሰው፣ በሰው ፊት መሳቂያ ሊያደርገኝ! ከልጅነቴ ጀምሮ ወንድሜ የምለው ሰው!»

እህትየው ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «የእሁዱ ንግግሩ ነው። ትናንት ሲጽፈው አጠገቡ ነበርኩ» ብላ አነበበችው።

«ስህተቱ የእኔ ነው፤ ማንም ጓደኛዬን እንዳይወቅስ። እሱ በእኔ ስህተት ውስጥ ሠሪዎቹ ያላሰቡትን ውበት አየ። ስለዚህ ፊልሙን ሁለቴ አሳያችኋለሁ፤ አንዴ እንደ ሠሪዎቹ፣ አንዴ እንደ እሱ። እኔ የእሱን እመርጣለሁ።»

ወደ ሃያሲው ዞረች። «ከልጅነትህ ጀምሮ ከቤታችን ገብተህ ወጣህ» አለችው። «ወንድሜ አልከዳህም። አንተ ግን ተናግሮ እስኪጨርስ አልታገስከውም።»

ሃያሲው ወረቀቱን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም።