ቀለሙ እንዳይደርቅ

ብታምኑም ባታምኑም የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ለማሳመን ጊዜ የለኝም። የምጽፈው በግራ እጄ ስለሆነ ፊደል ከሳትኩ ይቅር በሉኝ።

የሆነው ዛሬ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ...

ፀሐይ ጠረጴዛዬ ላይ አርፋለች። ከታች የማተሚያ ቤቱ ማሽን ይንጓጓል። ሰው የሚፈራበት ሰዓት አልነበረም።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ኮሚክስ እንሠራለን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል አለችን፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ አንድ መስኮት፣ አንድ በር። እሱ በእርሳስ ይነድፋል፣ እኔ በብሩሽና በጥቁር ቀለም እሄድበታለሁ።

አሠራራችን ቀላል ነው። ድፍን ጥቁር እንዲሆን የሚፈልገው ቦታ ላይ በእርሳስ ትንሽ ኤክስ ያደርጋል። እኔ ኤክስ ካየሁ እሞላለሁ። ለምን ብዬ አልጠይቅም። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲሁ ነን። እናታችን "አንዱን ሰው ለሁለት ከፍዬ ነው የወለድኳችሁ" ትለናለች።

አንባቢ የሚወድልን አንድ ጠላት አለ። ስሙ ወዲያኛው ነው። ከእኛ ዓለም ውጪ፣ ርዝመትም ስፋትም ከሌለበት ቦታ ይመጣል። መልክ የለውም። የደረሰበት ነገር ጥቁር ይሆናል፣ በቃ።

"ሰነፍ ሠዓሊ የፈጠረው ሰይጣን" እያልኩ ወንድሜን አበሽቀው ነበር።

ዛሬ የመጨረሻውን ገጽ ነበር የምንሠራው። ወንድሜ አንድ ሐሳብ መጥቶለት ከትናንት ጀምሮ ሲቁነጠነጥ ነበር። ወዲያኛው ከመጽሐፉ ወጥቶ ሠዓሊው ክፍል ይገባል። ስለዚህ የእኛኑ ክፍል ነደፈው። ጠረጴዛውን፣ መስኮቱን፣ በሩን፣ ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ ራሱን ሳይቀር።

"አንቺን ትቼሻለሁ" አለኝ እየሳቀ። "አፍንጫዬን አተለቅከው ብለሽ ሳምንት ታኮርፊኛለሽ ብዬ።"

ገጹን ተቀብዬ ቁጭ አልኩ።

አራት ኤክስ። የቁም ሳጥኑ ጥላ፣ መስኮቱ፣ በሩ፣ የሰውየው ሸሚዝ።

ሞላሁ። ሸሚዙ ሰፊ ስለሆነ ቀለሙን ጠገብ አድርጌ ነው የሰጠሁት።

ትንሽ ቆይቶ ክፍሉ ጨለም አለ። ደመና መስሎኝ የጠረጴዛ መብራቴን አበራሁ።

ማሽኑም ዝም አለ። ለምሳ ወጥተው ይሆናል አልኩ... በአራት ሰዓት ተኩል።

"ሚጣ..."

ወንድሜ ነው። ቤት ውስጥ የምጠራበት ስም ነው። ድምፁ ግን የሰው ዕቃ የሰበረ ልጅ ድምፅ ነው።

"መስኮቱን አየሽው?"

ዞርኩ።

መስኮቱ ጥቁር ነው። መጋረጃ አይደለም። ጨለማም አይደለም። የመብራቴ ብርሃን አያርፍበትም። በሩም እንደዚያው... እጀታ የለው፣ ማጠፊያ የለው። ሄጄ ነካሁት።

ወረቀት ወረቀት ይላል።



"መስኮቱን ለምን ኤክስ አደረግከው?" አልኩት።

"እኔ?"

"ታዲያ ማን?"

"እኔ አንድ ኤክስ ነው ያደረግኩት፣ ሚጣ። የቁም ሳጥኑን ጥላ ብቻ።"

ምን ላሳየው? ኤክሶቹ ከቀለሙ ሥር ናቸው።

"ሌላ ምን ሞላሽ?" አለኝ።

ዓይኔን ወደ ገጹ መለስኩ።

"ሚጣ። ሌላ ምን ሞላሽ?"

"ሸሚዝህን።"

ዛሬ ነጭ ሸሚዝ ነው የለበሰው። ዞሮ ጀርባውን አሳየኝ። ነጭ ነበር። ግን ታች፣ ወገቡ ላይ፣ የጣት ስፋት ያህል ጠቁሯል። በዚያ በኩል ወገቡ የለም። ጥቁር ብቻ ነው።

ገጹን አየሁ። የሸሚዙ ታችኛ ጫፍ ደርቋል። ሌላው ገና እርጥብ ነው።

ያን ጊዜ ገባኝ። እሱ ላይ የሚጠፋው ቀለሙ የደረቀበት ቦታ ነው።

ሶፍት አንስቼ እርጥቡን ልጠርግ ጫን ስል ወንድሜ አቃሰተ።

"ተይ... ተይ፣ ቆዳዬ አብሮ እየመጣ ነው።"

ነጭ ቀለሙን መጀመሪያ መስኮቱ ላይ ሞከርኩት፣ ገጹ ላይ ማለቴ ነው። ሲደርቅ መስኮቱ ነጭ ሆነ። ሰማይ የለው፣ መስተዋት የለው... ነጭ ብቻ። ይሄን ወንድሜ ላይ አላደርገውም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። ብሩሹን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀለሙን ማርጠብ። እንዳይደርቅ።

ወንበሩን አምጥቶ አጠገቤ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ከዚያ ጀምሮ እያረጠብኩ ነው።

ዝም ብላችሁ ትሞታላችሁ እንዴ እንዳትሉኝ። የማተሚያ ቤቱ ዘበኛ ጋ ደውዬ ነበር። ወጣ። ኮቴውን ኮሪደሩ ላይ ሰማሁት። በሩን ደበደብኩ፣ ጮህኩ። በስልኩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"እህቴ፣ ከደረጃው ቀጥሎ ግድግዳ ብቻ ነው። እዚህ በር ኖሮ አያውቅም።"

አምስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ያቀበለን ሰውዬ ነው።

ያችን ደቂቃ ብሩሹን በመተዌ የሸሚዙ ትከሻ ላይ አንድ ጣት ስፋት ደረቀ።  ወንድሜ ከዚያ በኋላ ግራ ትከሻውን አላንቀሳቀሰውም።

ስምንት ሰዓት ላይ እናታችን ደወለች።

"ምሳው ቀዘቀዘ እኮ። ምን ሆናችሁ ነው?"

"ሥራ በዝቶብን ነው፣ እማዬ።"

"ድምፅሽ ምን ሆነ? እስቲ እሱን አቅርቢልኝ።"

ስልኩን ጆሮው ላይ ያዝኩለት።

"ደህና ነኝ፣ እማ" አላት። እየሳቀ ነበር፣ በእግዜር። "ትንሽ ጀርባዬን በረደኝ እንጂ።"

"ልብስ ደርብ። ሰው አይደለህ?"

"እሺ እማ።"

"እህትህን ደግሞ አታናዳት።"

"እሺ።"

ስልኩ ሲዘጋ ሁለታችንም ተንሰቀሰቅን። እኔ ግን እያለቀስኩም ብሩሹን አላቆምኩም። እንባዬንም ተጠቀምኩበት። ምን አማራጭ አለኝ?

እጄን በቆረጠው። ሃያ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ "ለምን?" ብዬው ቢሆን። ነጭ ሸሚዝ እንደለበሰ በዓይኔ እያየሁ ነው ያጠቆርኩት።

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ውሃው አልቋል። ብሩሹን በምራቄ ነው የማርሰው።

"እጅሽ አልደከመም?" አለኝ ቅድም።

"አልደከመም።"

ውሸቴን ነው። ከክርኔ በታች አይሰማኝም።

"ሚጣ... ካልቻልሽ ተይው። አልቀየምሽም።"

"ዝም በል" አልኩት። "ዝም ብለህ ተቀመጥ።"

እዚህ ቻናል ላይ የምጽፈው ለዚህ ነው። ከእናንተ መሃል ቀለም የሚያውቅ ካለ፣ የሚያለቅቅ ነገር ካለ፣ ቆዳ የማይነካ... እባካችሁ ጻፉልኝ። ጊዜ የለኝም፣ ምክንያቱም ከቀለሙ በፊት ወረቀቱ እያለቀ ነው።

ስንት ሰዓት ሙሉ እርጥብ ብሩሽ ሲመላለስበት ሳስቷል። ሸሚዙ መሃል ላይ ተቦጫጭቆ አሁን ምስር የምታህል ቀዳዳ ተከፈተች።

ወንድሜን አየሁት። ተቀምጧል። ይተነፍሳል። እዚያው ቦታ፣ ጀርባው መሃል ላይ፣ ምስር የምታህል ቀዳዳ አለች። ደም የላትም።

አልነገርኩትም።

ጎንበስ ብዬ በወረቀቱ ቀዳዳ አየሁ። ከሥሩ የጠረጴዛዬን እንጨት ማየት ነበረብኝ።

ያየሁት ክፍላችንን ነው። በእርሳስ የተነደፈ። ሁለት ጠረጴዛ፣ ቁም ሳጥን፣ ጀርባውን የሰጠ ወንድሜ። እና ወንድሜ ያልነደፈው አንድ ሰው... ጠረጴዛው ላይ አጎንብሳ በቀዳዳ የምታይ ሴት።

ሸሚዟ ላይ ትንሽ ኤክስ አለች።

"ምን አየሽ?" አለኝ ወንድሜ።

"ምንም" አልኩት።

ብሩሹን አላቆምኩም። አላቆምም።

ግን አሁን፣ ይሄን ስጽፍላችሁ፣ ትከሻዬና ትከሻዬ መሃል የሆነ ነገር ነካኝ።

ቀዝቃዛ ነው። እርጥብ ነው።

ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ ብሎ እየሄደ ነው።