ያልተሸበሸበው ቅጠል

እትዬ ወለተ ገብርኤል፣ ቢቸና ላይ ዳንቴል በሚያስተምሩባት ክፍል ወንበራቸው ላይ ሞተው ተገኙ። የአስም ኢንሄለራቸው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነበር። አጭር ሴት ናቸው፤ እጃቸው እዚያ አይደርስም። ክሩን በስፒል እያስያዙ ዳንቴል የሚሠሩበት ትራስ፣ ያልተጨረሰ ሥራ እንደያዘ እግራቸው ሥር በወጉ ተቀምጧል።

ተማሪያቸው ስርጉት አብራት ከምትማረው ጓደኛዋ ከሰገነትና ከሟቿ ወንድም ከአቶ የሻው ጋር ቆማለች። ከትናንት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። ጥፋቷ ግንባሯ ላይ የተጻፈ እየመሰላት ሻሿን ወደ ታች ትስባለች። መርማሪዋ ኢንስፔክተር ይርጋነሽ ግን ትራሱን እንጂ እሷን አላየችም።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቅጠል የሚባል ጥለት ነው» አለች ሰገነት። «ክሩ አራት ማጠንጠኛ እንጨት ላይ ይጠቀለላል፤ ሦስቱ ድር፣ አራተኛው ማግ ነው። ማጉን እያመላለሱ ይሸምኑታል።»

«መሐል ላይ ብለቀውስ?»

«የማጠንጠኛው ክብደት ይስበውና ቅጠሉ ይሸበሸባል። እኔ ገና የመጀመሪያውን፣ ጉንጉኑን እየተማርኩ ነኝ እንጂ ስርጉትንማ በዚሁ ስንቴ ተቆጥተዋታል!»

«እርስዎስ፣ አቶ የሻው?»

«እኔ ዳንቴል የማውቀው ቴሌቪዥን ላይ ተነጥፎ ነው። ደሞ ከሞጣ የመጣሁት ዛሬ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ትራሱን ስርጉት ጭን ላይ አኖረችው። «እስቲ ሥሪ፣ ልየው።»

ማጉ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ።

«ስርጉት! ተነሺ፣ ቶሎ!»

ስርጉት ተነሣች። ከመነሣቷ በፊት ግን ጣቷ ማጉን ስፒሉ ላይ ጠምጥሞታል። ሁሉም አዩት።

«የታፈነ ሰው ክር አያስርም» አለች ይርጋነሽ። «እትዬ ለቀውት ቢሆን ይህ ቅጠል በተሸበሸበ ነበር። አንድ ሰው ትራሱን ተቀብሏቸው፣ ማጉን እንዲህ ጠምጥሞ አስቀምጦታል። አቶ የሻው ድሩን ከማጉ አይለዩም፤ ሰገነት ቅጠል አልደረሰችም።»

ስርጉት እንባዋ ቀደማት። «ሰው ፊት ስላዋረዱኝ፣ ትንሽ ይፈልጉት ብዬ ኢንሄለሩን ደበቅሁት። ሲያፍናቸው ትራሱን ዘረጉልኝ። ‹ማጉን እንዳትለቂ› የሚሉት ጆሮዬ ላይ አለ። ጠምጥሜ ቀና ስል... አንገታቸው ወድቋል። ፈራሁና ሸሸሁ።»

«መጀመሪያ ቅጠሉን?» አለች ሰገነት።

ስርጉት ትራሱን አየች። ሰባት ወር ሙሉ ስትማር በእጇ ሳይሸበሸብ የቀረ ቅጠል ይህ ብቻ ነው። እትዬ ቢኖሩ «ጎሽ፣ ልጄ!» ባሏት ነበር።