አምስተኛው መስታወት

ልብስ ሰፊዋ በሁለት ወር ውስጥ ለአምስተኛ ጊዜ መጣች። ስልክ ጠጋኙ ገና በበሩ ስትገባ ሲያያት ማጽጃ ጨርቁን አነሳ። ልቡ ደስ አለው፤ በሰው ስልክ መሰበር ደስ በመሰኘቱ ደግሞ አፈረ።

«ዛሬም ወደቀብኝ» አለች።

«አንቺ የያዝሽው ስልክ ነው ወይስ ሳሙና?»

ሳቀች። እጅጌዋ ላይ ሰማያዊ ክር ተንጠልጥሏል። ሊያነሳላት እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

የተሰበረውን ፕሮቴክተር፣ የስክሪኑን መከላከያ መስታወት፣ በጥፍሩ ላጠው። ከሥሩ ስክሪኑ ደህና ነው። ጠጋኙ ግን ፈገግታው ጠፋ። ከእጅ የወደቀ ስልክ በጥጉ ነው የሚመታው፤ ስንጥቁም ከጥግ ይነሳል። የዚህ መሀሉ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ጉድጓድ አለች፤ ስንጥቁ ከእሷ ተነስቶ ዙሪያውን ተበትኗል። ከዚህ በፊት የላጣቸው አራቱም እንዲሁ ነበሩ።

«ማነው የመታው?»

«ወደቀ አልኩህ እኮ።»

«መሬቱ ጣት አለው እንዴ?»

አቀረቀረች። ክሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመችው።

«ጋሼ ነው። ታላቅ ወንድሜ። ስልኬ በጠራ ቁጥር በቀለበቱ ይመታዋል።»

«እናትሽስ?»

«አንተ አዲስ ስትለጥፍልኝ ‹ይኸው ስልክሽ ደህና፤ ምን ሆንኩ ትያለሽ?› ትለኛለች።»

ጠጋኙ ሊከፍት የያዘውን አዲስ ፕሮቴክተር መሳቢያው ውስጥ መልሶ ከተተው።

«አልለጥፍልሽም።»

«ለምን?»

«በለጠፍኩ ቁጥር የእሱን ሥራ እየሸፈንኩለት ነው።»

«ቀጥሎ ስክሪኑ ነዋ የሚሰበረው። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ...»

አልጨረሰችውም። ስልኳን አንስታ ወጣች፤ ዞራ አላየችውም።

ሁለት ቀን አልታየችም። ከመንገዱ ማዶ በምትሠራበት ስፌት ቤት የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። «ምነው ለጥፌላት በነበር» አለ ጠጋኙ ለራሱ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሸሚዙ በወጉ የተተኮሰ ሰው ገባና የዕቃ ማሳያውን መስታወት በቀለበቱ ቆረቆረ። ቀጭ፣ ቀጭ።

«ፕሮቴክተር ይጠቅማል የሚሉት እውነት ነው?» ድምፁ ዝግ ያለ ነበር።

«የወደቀ ስልክ ያድናል።»

«ያልወደቀስ?»

የጠጋኙ ዓይን ቀለበቱ ላይ አረፈ።

«እህቴን አልለጥፍልሽም ብለሃታል አሉ። ጥሩ አድርገሃል። ከእንግዲህ እዚህ አትመጣም።»

ክንዱን አነሳና መስታወቱን አንዴ መታው። ሲወጣ በሩን በቀስታ ዘጋ። መስታወቱ መሀል ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ጉድጓድ ቀረች።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ሻንጣ ይዛ መጣች። ጉድጓዷን አየቻት፤ ማን እንደመጣ አልጠየቀችም። ስልኳን ከጉድጓዷ ጎን አኖረች። የስልኩም ስክሪን መሀሉ ተበስቷል።

«እማዬ ጣቷን አሳለፈችበትና ደማች» አለች። «ደሟን ስታይ ቆየች። ከዚያ ሻንጣዬን ራሷ አዘጋጀችልኝ። አክስቴ ጋ ልሄድ ነው፤ አውቶቡሱ አሁን ይነሳል።»

«ስክሪኑን ልቀይርልሽ?»

«ተወው። ልመለስ ልመለስ ሲለኝ ልየው።»

ጠጋኙ መሳቢያውን ከፈተ። ያን ያስቀረውን ፕሮቴክተር አወጣና በስንጥቁ ላይ ለጠፈው። በአውራ ጣቱ ከመሀል ወደ ዳር እየገፋ አየሩን አስወጣ። ስንጥቁ ከሥር ወለል ብሎ ይታያል።

«አልለጥፍም ብለህ?»

«ይሄ እንዳይቆርጥሽ ነው። ስትደርሺ ደውይልኝ።»

ዛሬም እጅጌዋ ላይ የተንጠለጠለውን ክር አነሳላት። በዚህ ጊዜ እጁን አልሰበሰበም።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ።

«ደረስኩ።»

«ጣትሽስ?»

«አልደማም። መቼ ነው የምትመጣው?»

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ከፊቱ ያለው መስታወት ተቆረቆረ። ቀጭ፣ ቀጭ።

«ማነው?» አለች።

ጠጋኙ ቀና ሲል ያንኑ የተተኮሰ ሸሚዝ አየ።

«ደንበኛ ነው። እሁድ እመጣለሁ» አላት። ስልኩን ግን ከጆሮው አላወረደውም።