ማን አሙቅልኝ አለህ?

«ክብሪት» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ የጫራትም እሱ ራሱ ነው።

ወንድሟ በአንድ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ የመኪና ውድድር ጌም ቤት ነበረው። ጌም ሲባል ታዲያ ሶፋ ላይ ተጋድመው የሚጫወቱት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። የመኪና ወንበር፣ የመኪና መሪ፣ እግር የሚያደክም ፍሬን፣ ከፊት ደግሞ ሰፊ ስክሪን። ስክሪኑ ጥግ ላይ አራት ትንንሽ ጎማዎች ይታያሉ፤ ሰማያዊ ሲሆኑ ቀዝቅዘዋል፣ አረንጓዴ ሲሆኑ ልክ ናቸው፣ ሲቀሉ ግለዋል ማለት ነው። የቀዘቀዘ ጎማ መንገዱን አይጨብጥም፤ ኩርባ ላይ መኪናው እንደ እርጥብ ሳሙና ያመልጣል። የጋለው ደግሞ ያልቃል።

ክብሪት ቀን ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ እዚያ ወርዳ ከአንድ ጥርስ ሐኪም ጋር እየተፈራረቀች ትነዳለች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የፈጣን ዙሮች ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች የሷ ስም ነበር። በዚህ ትኮራለች፤ ብትኮራስ!

ሁለት ሰው አንድ መኪና በተራ የሚነዳበት የከተማው የጥንድ ውድድር ፍጻሜ ሲቃረብ፣ አንድ አመሻሽ ላይ ወንድሟ አዲሱን ደንብ አነበበላት። ሹፌር ሲቀየር ጎማው ሁሉ በአዲስ፣ በቀዝቃዛ ጎማ ይቀየራል።

«ስለዚህ አንቺ ትቀሪያለሽ» አላት። «በአንቺ ቦታ ያን ደንበኛችንን፣ የባንክ ሠራተኛውን አስገብቻለሁ።»

«ጋሼ፣ ቀልድህን ነው? ሰሌዳው የማን ነው?»

«ሰሌዳውማ ያንቺ ነው። በሰው ላብ ነዋ! ሁልጊዜ በአዲስ ጎማ የሚጀምረው ጥርስ ሐኪሙ ነው። እሱ ተንሸራትቶ ተንሸራትቶ ጎማውን ያሞቅልሻል፤ ልክ አረንጓዴ ሲሆን ተነስቶ ወንበሩን ይለቅልሻል። ቀዝቃዛ ጎማ ነድተሽ ታውቂያለሽ?»

 አንድ ጊዜ ነድታለች። ከዓመት በፊት፣ መጀመሪያ የመጣች ቀን፣ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ተሽከርክራ ግድግዳ መታች፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ማዳመጫውን ወርውራ ወጣች። ደረጃው ላይ አንድ ረጅም ዝምተኛ ሰው፣ ይሄው ጥርስ ሐኪም፣ ቦርሳዋን ይዞ ተከተላት። «ጎማው ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም» አላት። ዓይኑን አይታ ቦርሳዋን ተቀበለችው። ተመልሳ ስትመጣ «እኔ ልጀምር፤ መጀመር ደስ ይለኛል» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እሱ ጀመረ። እሷም አመነችው፤ ሞኝ!

በማግስቱ ፀጉር ቤቱን ጥላ በቀጥታ ክሊኒኩ ሄደች። እሱ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ አፉን በማስክ ሸፍኖ ቆሟል። ወንበሩ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ጥጥ ጎርሰው፣ አፋቸውን ከፍተው ተጋድመዋል።

«መጀመር ደስ ይለኛል ያልከው ውሸት ነው አይደል?»

«ታካሚ ይዣለሁ» አለ በቀስታ።

«ይስሙ! እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ሰው ዓመት ሙሉ ሲያታልለኝ ከርሟል።»

ሴትዮዋ መናገር ስላልቻሉ ዓይናቸውን ወደ ሐኪሙ አዞሩ።

«አላታለልኩሽም።»

«ቀዝቃዛውን ለራስህ፣ የሞቀውን ለእኔ! ማን አሙቅልኝ አለህ? አላምጠህ የምታጎርሰኝ ሕፃን ነኝ? ይኸው ዛሬ መንዳት አትችልም ተብዬ ከቦታዬ ተነሳሁልህ! ደስ ይበልህ!»

«ያን ቀን ጥለሽ ስትወጪ ተመልሰሽ የማትመጪ መስሎኝ ፈራሁ።»

«ብቀርስ? አንተን ምን ቆረጠህ?»

 ከማስኩ በላይ ዓይኖቹ ብቻ ነበሩ የሚታዩት፤ እነሱም ከፊቷ አልተነሱም። ክብሪት ልቧ ሲዘል ተሰማት፤ እንዲህ ተናድዳ ሳለች ልቧ መዝለሉ ጭራሽ አበሳጫት።

«እእ... እ...» አሉ ሴትዮዋ።

«አየህ? እሳቸውም ተቆጥተዋል!» ብላ በሩን ከኋላዋ አላተመችው።

እሱ ግን በዚያው ዕለት ወንድሟ ዘንድ ሄዶ «እሷ ካልነዳች እኔም የለሁበትም» ብሎ ኖሯል። ስትሰማ ይባስ ጨሰች። «ጠበቃ አላቆምኩም!» አለች። ወንድሟን ፊት ለፊት ገጥማ «ከባንክ ሠራተኛው ጋር አወዳድረኝ። አዲስ ጎማ፣ ጠንካራውን ዓይነት። ካሸነፈኝ ወንበሩን ይውሰድ» አለችው። ወንድሟም ስቆ እሺ አለ፤ አንድ ሳምንት ሰጣት።

ጠንካራው ጎማ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ለመሞቅ ግን ይለግማል። ለስላሳው ቶሎ ይሞቃል፤ ቶሎም ያልቃል። ክብሪት ሳምንቱን ሙሉ ብቻዋን ከጠንካራው ጋር ታገለች። ፍሬኑን በኃይል ስትረግጥ ትሽከረከራለች፤ ስትፈራ ደግሞ ጎማው ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ቀስ በቀስ ፍሬኑን በለሆሳስ መንካት፣ መሪውን ሳትነጥቅ ማዞር ለመደች። ትከሻዋ ዝሎ፣ መዳፏ ተልጦ ስትወጣ አንድ ሐሳብ ይከተላታል፤ ይሄን ሁሉ እሱ ዓመት ሙሉ ችሎታል፤ ትንፍሽም አላለም። ይሄ ደግሞ ሌላ ንዴት ነበር፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ገና አላወቀችውም።

የባንክ ሠራተኛው በሁለተኛው ኩርባ ላይ ግድግዳ መታ። ወንበሩ ተመለሰላት።

በፍጻሜው ቀን የምትጀምረው እሷ ሆነች። «ለስላሳውን እናድርግልሽ፤ ቶሎ ይሞቅልሻል» አለ ወንድሟ።

«እስከ ውድድሩ ግማሽ አይደርስም፤ መሃል ላይ ቀልቶ ያልቃል። ጠንካራውን ስጠኝ።»

«ትሽከረከሪያለሽ!»

«ከተሽከረከርኩ ያኔ ትሰድበኛለህ፤ አሁን ዞር በልልኝ።»

በመጀመሪያዎቹ ዙሮች አምስት መኪና አለፋት። ከኋላ ወንድሟ ሲያቃስት ሰማች። የጥርስ ሐኪሙ ድምፅ በማዳመጫው አንድ ጊዜ ብቻ መጣ።

«ጥርስሽን አታፋጪ።»

«ሥራህን ክሊኒክህ አድርግ!»

አልቸኮለችም። ጎማዎቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሲሆኑ የሌሎቹ ለስላሳ ጎማዎች መቅላት ጀመሩ። ያለፏትን እየለቀመች አለፈቻቸው። ወንበሩን ለጥርስ ሐኪሙ ስታስረክብ አራተኛ ነበረች፤ ወንድሟም ማቃሰቱን ትቶ ነበር።

ጥርስ ሐኪሙ በአዲስ፣ በቀዝቃዛ ጎማ ወጣ። ሁሉም ሹፌሮች በአዲስ ጎማ ስለወጡ እየተንገዳገዱ ነው፤ አንዱ ወደ ሣሩ ወጣ፣ ሌላው ፈርቶ ይጎተታል። እሱ ግን በሰማያዊ ጎማ፣ ገና ሳይሞቅለት፣ ሁለቱን አለፋቸው። ሰው ሁሉ ተነስቶ ጮኸ። ክብሪት ያኔ ገባት። ዓመት ሙሉ ለሷ ሲያሞቅላት የተማረው ይህን ነበር፤ እሷ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ሰሌዳውን ስታይ ከርማለች።

ሁለተኛ ወጡ። ማዳመጫውን አውልቆ ሳይነሳ ፊቱ ቆመች።

«አንተ የማትረባ!» አለችው፤ እንባዋ መጣ።

«ምን አጠፋሁ?»

«በቀዝቃዛ ጎማ እንዲህ የሚነዳ ሰው የት አለ? ማን አወቀልህ? ሰሌዳው ላይ አንዲት መስመር እንኳ የለህም! ጋሼ ቀርፋፋ እያለ ሲያሾፍብህ እየሰማህ ዝም!»

«ያንቺን ስም እዚያ ላይ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።»

«እኔስ ያንተን ማየት ቢያምረኝ? ጠየቅኸኝ?»

«አልጠየቅኩሽም።»

«ለምን?»

«ስለምወድሽ» አለ። «ከጠየቅኩሽ ይታወቅብኛል ብዬ ፈራሁ።»

 የክብሪት እጅ ሳታዘው መሪውን ያዘ።

«ይቺን ለማለት ዓመት ይፈጃል?» አለች። «እኔ ስንት ቀን ነው ደረጃው ላይ ሆን ብዬ ቀስ እያልኩ የወጣሁት? ትደርስብኛለህ ብዬ!»

«እናንተ ልጆች፣ ፎቶ ልንነሳ ነው!» ብሎ ወንድሟ ተጣራ።

«ቆይ ጋሼ፣ ገና አልጨረስኩለትም!»

«መቼ ነው የምትጨርሺው?» አለ ጥርስ ሐኪሙ።

«ዕድሜዬን ሙሉ አልጨርስም። ትችለዋለህ?»

«እችለዋለሁ።»

«እንግዲያው ስማ። ከዛሬ ጀምሮ ቀዝቃዛውን በተራ ነው። ሳትነግረኝ ብትሸከምልኝ ውርድ ከራሴ!»

«በተራ ነው» አለ።

ፎቶው ላይ ወንድሟ የሁለተኛነቱን ዋንጫ ከፍ አድርጎ ይዟል፤ ጥርስ ሐኪሙ ይስቃል። ክብሪት ግንባሯን እንደቋጠረች ናት፤ የሱን እጅ ግን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች።