ፊት የሌላት ሴት የተገዛችበት ረፋድ

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ በጥቅምት ወር መጀመሪያ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የከተማው ሹማምንት በሟቹ ቀራፂ የሥራ አዳራሽ ተሰበሰቡ፤ ጣራው መስታወት ነበርና ብርሃኑ በሁለት የነሐስ ሴቶች ላይ ያለ አድልዎ ይወርድ ነበር። ሁለቱም ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ፊት የላቸውም። አንዲቱ የሟቹ ሚስት ንብረት ናት፤ ሌላይቱን ያመጣት ስመ ጥር የሥነ ጥበብ ነጋዴ ነው። ቀራፂው በነሐስ ያሠራው አንዲት ብቻ እንደሆነች ጽፎ ትቷልና፣ ከንቲባው እውነተኛይቱን ለአዲሱ ምክር ቤት ሊገዙ፣ ሐሰተኛይቱን ግን እንደ ሕጉ ወደ እቶን ሊሰዱ መጥተዋል።

በሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ቆሟል። ነሐስ አፍሳሽ ነው፤ ከተማው «ጥቀርሻ» ይለዋል። እውነተኛይቱን ሴት ያፈሰሳት እርሱ ነው፤ የግራ ዓይኑን ብርሃን ለእቶን ብልጭታ ገብሮ። ሆኖም በነጋዴው ቤት መጀመሪያ ለእይታ በቀረበች ቀን፣ ነጋዴው ራሱ «የሠራተኛ መግቢያ በጓሮ ነው» ብሎ ከደጅ መልሶታል። ሰው የበላውን ይረሳል እንጂ የተዋረደበትን አይረሳም። ዛሬም የመጣው የሟቹ ሚስት ለምናው ነው፤ በዕድሜው ከሠራው ሁሉ ጦርነቱ ያላቀለጠበት ይህችን ብቻ ነውና፣ እርሷም ከቀለጠች እርሱ እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል።

የምክር ቤቱ ጸሐፊ ሁለቱን ለክቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡር ከንቲባ፣ የእመቤት ሐውልት ከነጋዴው ሐውልት በአንድ ጣት ትበልጣለች፤ ደግሞም ሸካራ ናት። አስመሳይ እጁ ስለማይታዘዝለት ማሳበጡ አይቀርም፤ ስለዚህ ሐሰተኛይቱ እርሷ ናት።»

«ድሮስ!» አለ ነጋዴው። «ታላቅ ሰው እንዲህ ያለ ሸካራ ሥራ ትቶ ይሄዳል?»

«እሳት ነሐስን ሲያሳድግ ያየ ማነው?» አለ ከበሩ አንድ ድምፅ።

ነጋዴው ዞረ። «ጥቀርሻ! ዛሬስ በዋናው በር ገባህ?»

«በጓሮ ከሚገባው ሌባ ጋር እንዳልጋፋ ብዬ ነው፣ ጌታዬ።»

ጸሐፊው ሳቁን በወረቀት ሸፈነ። ከንቲባው ግን አልሳቁም፤ «አባቴ፣ የሚያውቁት ካለ ይናገሩ» አሉ።

«ክቡርነትዎ፣ ነሐስ ሲበርድ ይሰበሰባል። በዚህች ቁመት፣ ቅርጹ ከተወሰደባት ከጀሶ እናቱ አንድ ጣት ያንሳል። ካለቀ ነሐስ ላይ ቅርጽ ሰርቆ ሌላ ያፈሰሰ ደግሞ ሌላ አንድ ጣት ያጎድላል። ጌታው ጸሐፊ ልኩን አልሳቱም፤ ፍርዱን ነው የገለበጡት።»

«የእቶን ተረት!» አለ ነጋዴው።

«ተረት ከሆነ እናቲቱ ይኸችው!» አለች የሟቹ ሚስት፤ ከጥግ አንድ አቡጀዲ ገፈፈች። አሮጌ ጀሶ ምን ይረባል ብሎ ማንም ሳይለካት የከረመችው ሴት ብቅ አለች።

ጸሐፊው መለኪያውን ለሽማግሌው ዘረጋ።

«አልነካም፤ ነካካው እንዳልባል። እርስዎ ይለኩ።»

ጸሐፊው ከአናት እስከ ተረከዝ ለካ፤ ደግሞ ለካ፤ ጆሮው ቀላ። «የእመቤት... አንድ ጣት ታንሳለች። የነጋዴው... ሁለት።»

«ልጅ ያመጣህ መስሎህ የልጅ ልጅ አመጣህ» አለ ሽማግሌው ወደ ነጋዴው። «እውነተኛይቱ ለእይታ አንተ ዘንድ ስትከርም ነው ቅርጿን የሰረቅኸው። ሸካራ ያሉትም፣ ክቡርነትዎ፣ ነሐሱ ከመፍሰሱ በፊት ቀራፂው የሰም ቅርጿን ሲያበጅ የተወው የአውራ ጣቱ አሻራ ነው። ትከሻዋ ላይ ይዳስሱት። እኔ የጠበቅሁትን ነጋዴው ከራሱ ቅጂ ላይ በሞረድ አጠፋው።»

ከንቲባው ጓንታቸውን አውልቀው ዳሰሱ፤ የሰው ጣት መሥመር ከነሐሱ ውስጥ መለሰላቸው። እዚያው ቆመው የግዢውን ወረቀት ፈረሙ፤ ነጋዴው ባርኔጣውን እንኳ ሳያነሳ ወጣ።

ስምንት የማቅለጫ ቤት ሰዎች፣ የቆዳ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ፣ እውነተኛይቱን ሴት ወደ አዲሱ ምክር ቤት ሊያደርሱ ተሸክመው ወደ ዋናው ጎዳና ወጡ።

«ፊት ሳይኖራት እንዲህ የተከበረች፣ ቢኖራትማ ማን ይችላት ነበር!» አለ አንዱ ተሸካሚ።

«አባቴ፣ ከፊት ይሂዱ» አሉ ከንቲባው፤ ሽማግሌውም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሹማምንትን አስከትሎ፣ መንገደኛው ባርኔጣውን ሲያነሳለት ራሱን ዝቅ ሳያደርግ ሄደ።

የከተማው መዝገብ ስለዚያ ቀን ሲጽፍ፣ «ክቡር ከንቲባ በሰላ ዓይናቸው እውነተኛይቱን ለይተው ገዙ» ይላል፤ ስለ ሽማግሌው ያለው «አንድ ሠራተኛም ተገኝቶ ነበር» ብቻ ነው። ይሁን፤ መጻፍ የተሰጠው ጻፈ፤ ማፍሰስ የተሰጠው አፈሰሰ። መዝገቡን ግን ብል ጀምሮታል፤ ሴቲቱ ዛሬም እንደተቀመጠች ናት።